አንድ ጋት

ቅዳሜ ማታ ነበር። ልጄ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ጉልበቴ ላይ አስደግፋ ሹሩባ እየሠራኋት ነው። በማግሥቱ የዋና ውድድር ስላላት ስስ ስስ አድርጌ ወደ ኋላ ነበር የምጎነጉነው። ጉንጉኑ ከወፈረ ኮፍያው አይገባም፤ ቢገባም ገና ወደ ውሃው ስትወረወር ይወልቃል። እንደኛ ዓይነት ፀጉር ላላቸው ዋናተኞች የተሠራው ሰፊ ኮፍያ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተከልክሎ፣ በ2022 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሲፈቅደው እኔና እሷ ሳሎን ውስጥ እልል ብለናል። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀጉር ለሚጎነጉን ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ማበጠሪያውን ልታቀብለኝ እጇን ወደ ኋላ ስትዘረጋ አየሁት። ጥፍሯ አድጓል። አሥሩም እኩል አድገዋል፤ ከሥራቸው በጥንቃቄ ተጠርገዋል፣ ጫፋቸው በሞረድ ተስተካክሏል። ረስታው እንዳልሆነ ያስታውቃል። 12 ዓመቷ ነው፤ ጥፍር ማሳደግ አምሯት ይሆናል ብዬ፣ «ምነው እናቴ፣ ጥፍርሽን አትቆርጪም እንዴ?» አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ ጠየቅኳት።

«አንቺ ነሽ እኮ ያልሽው፣ ማሚ።»

«ምን አልኩ?»

«ጥፍር ቢኖራት ኖሮ ሜዳሊያ ታገኝ ነበር ያልሽው።»

እጄ ፀጉሯ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ማንን እንደምትል ወዲያው ገባኝ። ስድስት ሳምንት አልፎታል፤ እኔ ያልኩትን ረስቼዋለሁ፣ እሷ ጣቷ ላይ ይዛው ትዞራለች።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ፣ ጁላይ 28 ቀን 2025 ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ሲንጋፖር ላይ ነበር፣ እኛ ያለነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። በዚያ ወቅት የሁለቱ ቦታ ልዩነት ልክ 12 ሰዓት ስለሆነ እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ቡናዬን ይዤ፣ ልጄ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ ሶፋው ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ እኔ ግን ሥራ እገባለሁ።

የ200 ሜትር ድብልቅ ፍጻሜ ነው፤ ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረት፣ ፍሪስታይል፣ እያንዳንዱ 50 ሜትር። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ካናዳዊቷን ሰመር ማኪንቶሽን ነው። ሰባት ሳምንት ቀደም ብሎ ቪክቶሪያ ላይ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር፤ አንዱ የዚሁ ውድድር 2:05.70 ነው። የእኔ ዓይን ግን ቻይናዊቷ ዩ ዚዲ ላይ ነበር። 12 ዓመቷ። በዓለም ሻምፒዮና ለመወዳደር ዝቅተኛው ዕድሜ 14 ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ የሚገባው ከባዱን መግቢያ ሰዓት ካሟላ ብቻ ነው። እሷ አሟልታለች። በስድስት ዓመቷ የበጋ ሙቀት ለመሸሽ ውሃ መጫወቻ ቦታ ሄዳ ነው ዋና የጀመረችው። ይኼን ለልጄ ስነግራት «እንደ እኔ!» አለች፤ እሷም የጀመረችው በስድስት ዓመቷ ነው።

ማኪንቶሽ በ2:06.69 አንደኛ። አሜሪካዊቷ አሌክስ ዋልሽ በ2:08.58 ሁለተኛ። ከዚያ ሁለት እጆች አንድ ላይ ግድግዳው ላይ አረፉ። የውጤት ሰሌዳው ሲበራ ካናዳዊቷ ሜሪ ሶፊ ሃርቪ 2:09.15፣ ዩ ዚዲ 2:09.21። ስድስት መቶኛ ሰከንድ።

ስኒዬን አስቀምጬ ጭኔን መታሁ። «ወይኔ! ጥፍር ቢኖራት ኖሮ! ይኼኔ ሜዳሊያ ነበራት!»

ብዬ ሥራ ረፍዶብኝ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ዩ ዚዲ በ200 ሜትር ቢራቢሮም አራተኛ ወጣች፣ በ400 ሜትር ድብልቅም አራተኛ። ሦስት ውድድር፣ ሦስት ጊዜ አራተኛ። በ4 በ200 የዱላ ቅብብል ማጣሪያ ስለዋኘች ግን ቻይና ነሐስ ስታገኝ ለእሷም ደረሳት፤ በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ሜዳሊያ ካገኙት ሁሉ ትንሿ ሆነች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው እዚያ ገንዳ ውስጥ አልሠራም። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ለጓደኞቼ የማወራው ስለዚያች ስድስት መቶኛ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ

ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ጣና ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ እኔ ግን እስከ 34 ዓመቴ ድረስ መዋኘት አልችልም ነበር። ወንዶቹ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ይገባሉ፤ እኛ ሴቶቹ ልብስ አጥበን እንመለሳለን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው» እያለች ነው ያሳደገችን። እውነቷን ነው፤ ከሰፈራችን ልጆች ወስዷል። ስለዚህ ልጄን ስድስት ዓመት ሲሞላት የካውንቲው ገንዳ ወስጄ ያስመዘገብኳት ሻምፒዮን ትሁንልኝ ብዬ ሳይሆን ውሃ እንዳይወስዳት ነው። በዚያው እኔም በአዋቂዎች ክፍል ገባሁ።

ከዚያ ግን ነገሩ አደገ። የምንኖረው የዋና አገር ላይ ነው። ማይክል ፌልፕስ ከባልቲሞር ነው፤ ኬቲ ሌዴኪ ያደገችው እዚሁ አጠገባችን፣ ቤተዝዳ ነው። ገንዳው ዳር ቆሞ ልጁን የሚጠብቅ ወላጅ ሁሉ የሚያወራው ስለ እነሱ ነው፤ እኔም ማየት ጀመርኩ። በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲካሄድ አንድ ደብተር ገዝቼ ትንንሾቹን ዋናተኞች መመዝገብ ጀመርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሰዓት፣ ደረጃ፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ የእኔ ትንበያ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማኪንቶሽ አለች፤ 14 ዓመት፣ 400 ሜትር ፍሪስታይል፣ አራተኛ። ከሥሯ ሮማኒያዊው ዳቪድ ፖፖቪች፤ 16 ዓመት፣ 200 ሜትር ፍሪስታይል፣ አራተኛ። ሁለቱም አጠገብ በቀይ «ፓሪስ፣ ወርቅ» ብዬ ጽፌያለሁ።

የፖፖቪችን ገጽ ላቆይባችሁ። ቶኪዮ ላይ 1:44.68 ገባ። ሦስተኛ የወጣው ብራዚላዊ ፈርናንዶ ሼፈር 1:44.66። ሁለት መቶኛ። በማግሥቱ ዓመት በ17 ዓመቱ ቡዳፔስት ላይ በ100ና በ200 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ኦገስት ላይ ሮም ውስጥ 100 ሜትርን በ46.86 ዋኝቶ ከ2009 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን፣ ያውም እዚያው በተመዘገበበት ገንዳ፣ ሰበረው። እዚያ ገጽ ላይ ቀዩ ቀለም ሊያልቅብኝ ደርሶ ነበር። በ2023 ፉኩኦካ ላይ ግን በ200 አራተኛ፣ በ100 ስድስተኛ ወጣ። ምንም ሳላቅማማ ስሙ ላይ መስመር አሰመርኩበት። ዳር ላይ «ቶሎ አበበ፣ ቶሎ ረገፈ» ብዬ ጻፍኩ። 18 ዓመቱ ነበር።

ፓሪስ ላይ በ200 ሜትር ፍጻሜ 1:44.72 ገብቶ ወርቁን ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው ብሪታኒያዊ ማት ሪቻርድስ 1:44.74። ሁለት መቶኛ። ከሦስት ዓመት በፊት ነሐሱን የነፈገችው ያችው ልክ፣ ተመልሳ ወርቅ ሰጠችው። ሲንጋፖርም ላይ በ100ም በ200ም እሱ ነው ያሸነፈው።

ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ጮኬያለሁ። ደብተሩን ከፍቼ መስመሩን ማጥፋት ግን አልቻልኩም፤ እስክሪብቶ አይጠፋም። ከዚያ በኋላም ሌሎች ስሞች ላይ ማስመሬን አልተውኩም። የሰው ልጅ ስም ላይ፣ ያውም በልጅነታቸው። ይኼን ሁሉ የማስበው አሁን ነው።

ጋት

ወደዚያ ቅዳሜ ማታ ልመለስ። ግማሽ ፀጉሯ እንደተሠራ፣ ግማሹ እንደተበተነ ተነስተን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ወረቀትና ማስመሪያ አወጣሁ። ልቆጣት አልፈለግኩም፤ ያልኩት ስሕተት መሆኑን ላሳያት ፈለግኩ፤ ለማሳየት ደግሞ እኔው ራሴ ማስላት ነበረብኝ።

200 ሜትርን በ129 ሰከንድ የዋኘች ልጅ በአማካይ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ትሄዳለች። በስድስት መቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። ማስመሪያው ላይ ዘጠኝን አሳየኋት። ልጄ እጇን አስጠግታ አውራ ጣቷን አጠፈችና አራት ጣቶቿን ወረቀቱ ላይ ጋደም አደረገች፤ አልሞላም። የእኔን አራት ጣት አስቀመጥኩ። ልክ መጣ።

«ይኼ ጋት ይባላል» አልኳት። «አያትሽ ጨርቅ ስትለካ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ ነበር የምትለው።»

«ሁለት መቶኛስ?»

የፖፖቪችን አሰላን፤ እሱ ስለሚፈጥን አራት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሁለት ጣት። በ2008 ቤጂንግ ላይ ፌልፕስ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ሰርቢያዊውን ሚሎራድ ቻቪችን የቀደመባት አንድ መቶኛ ደግሞ አንድ ጣት። ውሃ ላይ የሚደረገው ክርክር ሁሉ በእናቴ መለኪያ ተለካ። ከመቶኛ በታች ደግሞ አይለካም። በ1972 ሙኒክ ላይ በ400 ሜትር ድብልቅ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በሁለት ሺሕኛ ሰከንድ አሸንፏል ተብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሕጉ ወደ መቶኛ ተመለሰ። ገንዳ ሲሠራ አንዱ መስመር ከሌላው በሚሊ ሜትሮች ሊበልጥ ይችላል፤ ሺሕኛ ሰከንድ ማለት ከዚያ ያነሰ ርቀት ነው፤ ታዲያ ማን እንደቀደመ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ነው በ2016 ሪዮ ላይ ሲሞን ማኑዌልና የ16 ዓመቷ ካናዳዊት ፔኒ ኦሌክሲያክ በ100 ሜትር ሁለቱም 52.70 ገብተው ሁለቱም ወርቅ የተሰጣቸው። ማኑዌል በግል ውድድር የኦሊምፒክ የዋና ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት፤ የልጄ አልጋ ራስጌ ላይ ፎቶዋ አለ። ልጄ ይኼን ስትሰማ፣ «ሁለቱም? ማንም ሳያለቅስ?» አለች።

የጥፍሩ ነገር ደግሞ ከነጭራሹ ስሕተት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው፣ ሲነካ ሰዓቱን የሚያቆመው ፓድ እስኪያነብ ድረስ ግፊት ይፈልጋል። ቤጂንግ ላይ ቻቪች እጁን ዘርግቶ እየተንሸራተተ ነው የደረሰው፤ በዓይን ለሚያይ እሱ የቀደመ ይመስላል። ፌልፕስ ግን ግማሽ ቀዘፋ ጨምሮ ፓዱን በኃይል መታው፤ 50.58 ለ50.59። ጠረጴዛው ላይ በመዳፌ እየመታሁ አሳየኋት። «አየሽ? ጥፍር አይደለም፤ በመዳፍሽ ነው ግፊት የምትሰጪው።»

ጨረስኩ፣ አስረዳሁ ብዬ ነበር። ልጄ ግን ወረቀቱ ላይ የተሠመረውን ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር እያየች ነው።

«ሦስተኛዋስ፣ ማሚ?»

«የትኛዋ ሦስተኛ?»

«ጋቱ የእሷ ነው እኮ። ያን ቀን ስሟን እንኳ አልጠራሽም።»

እውነቷን ነው። ሜሪ ሶፊ ሃርቪ። 25 ዓመቷ ነበር፤ ዩ ዚዲ ስትወለድ እሷ 13 ዓመቷ። እንደ ልጄ ያለ ልጅ ሆና ስንት ጠዋት በብርድ ገንዳ ገብታ ይሆናል። እኔ የአንዷን ልጅ ማነስ ስቆጭ የሌላዋን ሴት መድረስ ሳላየው አለፈኝ። ደብተሬ ውስጥ የለችም። ትንሽ ስላልሆነች አልመዘገብኳትም።

ሰሌዳው

ከዚያ ሌላም ተናገረች። ፊቷን ሳታዞር፣ እንደ ቀላል ነገር፣ የማስመሪያውን ጫፍ በዚያ ባደገ ጥፍሯ እየጫረች።

«ግድግዳውን ስነካ መጀመሪያ የማየው አንቺን ነው። አንቺ ግን ሰሌዳውን ነው የምታዪው። ቀና ስል ሁሌ እዚያ ነው የምታዪው። ከዚያ ፊትሽ ላይ ስንት እንደገባሁ አውቃለሁ።»

ምን መለስኩላት? ምንም። ፀጉሯን ልጨርስላት ተነሳሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር አንዱን ጉንጉን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሠራሁት።

ሌሊቱን ብቻዬን የሲንጋፖሩን ውድድር ደግሜ ከፈትኩት። ዩ ዚዲ ግድግዳውን ከነካች በኋላ ምን እንደሆነች፣ ፊቷ ምን እንደሚመስል፣ ማንን እንደፈለገች ጭራሽ ትዝ አይለኝም። ሰሌዳውን ነበር የማየው። የ12 ዓመት ልጅ በዓለም ፊት የዕድሜዋን ታላቅ ዋና ዋኝታ ስትጨርስ እኔ የማየው ቁጥር ነበር። ስንቱን ዓመት ዋና አያለሁ ስል የማየው ሰሌዳ ኖሯል።

ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ ትዝ አለኝ። በ2016 ሪዮ ላይ 100 ሜትር ፍሪስታይል ዋኝቶ 1:04.95 ገባ፤ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ። ስለ አመራረጡ ቅሬታ ነበር፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የማስታውሰው ዓለም በሰውነቱ መሳቁን፣ እኛም እዚህ ቡና ላይ ተሰብስበን አንገታችንን መድፋታችንን ነው። ዛሬ ያን ሰዓት ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነው። በሳምንት አምስት ቀን የምትሠለጥነው ልጄ በ50 ሜትር ገንዳ 1:04ን ገና አልደረሰችበትም። ያኔ ቡናው ላይ ከነበርነው ውስጥ አንዱን መልስ ሳይቋረጥ መዋኘት የሚችል አልነበረም። ቁጥሩን አነበብን፣ ሰውየውን አላየነውም።

ታዲያ ትንንሾቹን መከታተል ልተው? ይኼንንም አስቤዋለሁ። ልጆች እንዲህ ቶሎ ወደ መድረክ መውጣታቸው ይጎዳቸዋል የሚለውን ክርክርም ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ፤ የ14 ዓመቱ ገደብ ይጥበቅ የሚሉ አሉ። ማስረጃው ግን ወዲያና ወዲህ ይጎትተኛል። ሊቱዌኒያዊቷ ሩታ ሜይሉቲቴ በለንደን 2012 በ15 ዓመቷ በ100 ሜትር የደረት ቀዘፋ ወርቅ ወሰደች። በ22 ዓመቷ ዋናን ተወች፤ ሦስት ጊዜ የመድኃኒት ምርመራ ቀጠሮ አምልጧት ሁለት ዓመት ታገደች፤ ስለ ድባቴዋ ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። የእኔ ደብተር ያኔ ቢኖር ኖሮ በቀይ ደምድሜ እሰርዛት ነበር። ግን በ2022 ተመልሳ በ50 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2023 ክብረ ወሰኑን 29.16 አደረሰችው፤ ዩ ዚዲ ሦስት ጊዜ አራተኛ በወጣችበት በዚያው የሲንጋፖር ሳምንትም በ28 ዓመቷ ወርቅ ወሰደች። የእኛዋ የቤተዝዳዋ ሌዴኪም በዚያው ለንደን፣ በ15 ዓመቷ 800 ሜትርን አሸንፋ፣ ከ13 ዓመት በኋላ ሲንጋፖር ላይ በዚያው ርቀት በ8:05.62 አሸነፈች፤ መሀል ላይ መሰበር የሚባል ነገር አላየሁባትም። ፌልፕስ በ15 ዓመቱ ሲድኒ ላይ አምስተኛ ነበር። ማኪንቶሽ አራተኛ ነበረች፤ ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ ወሰደች።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሕግ ላወጣ ሞክሬ አልቻልኩም። ቀድሞ ያሸነፈ ይሰበራል አልልም፤ አራተኛ የወጣ ነገ አንደኛ ይወጣልም አልልም። አራተኛ ወጥተው በዚያው የቀሩ ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን ስለማናውቅ ነው የሌሉ የሚመስሉን። የልጄ አሰልጣኝ በየዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ሰብስቦ አንድ ነገር ይነግረናል። ሴት ልጆች በ12፣ በ13 ዓመታቸው ሰውነታቸው ሲለወጥ ውሃው አዲስ ይሆንባቸዋል፤ ዳሌው፣ ትከሻው፣ ሚዛኑ ሁሉ። ሰዓታቸው ዓመት ሁለት ዓመት ሊቆም ይችላል። «ያኔ እባካችሁ ስንት ገባሽ አትበሏቸው» ይለናል። በየዓመቱ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። አፌ አልጠየቀም፤ ፊቴ ግን ሲጠይቅ ኖሯል።

ጠዋት ሳየው ጥፍሯን ቆርጣዋለች። መቼ እንደቆረጠችው አላየሁም፤ መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ሁለት ቁራጭ ቀርቶ ነበር።

ሰዓት ያዥ

ኦክቶበር ላይ የክለቡ ውድድር ሰዓት ያዥ አጠረው። እዚህ አገር የልጆች ዋና የሚካሄደው በወላጆች ጉልበት ነው፤ ሻይ የሚያፈላው፣ ልጆቹን የሚያሰልፈው፣ ሰዓት የሚይዘው ሁሉ ወላጅ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰዓት ይዤ አላውቅም፤ መቀመጫው ላይ ሆኜ ሰሌዳውን ማየት ስለምፈልግ ነው። ያን ቀን እጄን አወጣሁ። አራተኛው መስመር ደረሰኝ።

ዳኛዋ አሠራሩን አሳዩን። ሲነሱ ድምፁን አትጠብቁ፣ የመብራቱን ብልጭታ እዩ፤ ድምፅ ይዘገያል። ሲጨርሱ ወደ ገንዳው ጠርዝ ቀርባችሁ በቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ግድግዳው ተመልከቱ። የልጁ የትኛውም አካል ግድግዳውን ሲነካ ተጫኑ። መስመራችሁ ላይ ላለ ልጅ አትጩሁ፣ የራሳችሁ ልጅ ብትሆንም። ወደ ሰሌዳው አትዙሩ።

ጠዋቱን ሙሉ የልጆች እጅ ሳይ ዋልኩ። ከላይ ሆኖ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ግድግዳውን እንዳገኘው ሁሉ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ትልልቆቹ ይመቱትና ውሃው እግሬ ላይ ይረጫል። ክንዳቸው ላይ በማርከር የተጻፈው የውድድርና የመስመር ቁጥር በክሎሪኑ እየደበዘዘ፣ ገና ሳይተነፍሱ ዓይናቸው ሰው ይፈልጋል። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር። አንዳንዱ አሰልጣኙን፣ አንዳንዱ ከላይ መቀመጫው ላይ ያለ ሰው። ሰሌዳውን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

የ200 ድብልቅ ሲደርስ ልጄ በአራተኛው መስመር ወጣች። አስቀድማ አይታኝ ኖሮ ፈገግ ብላ ኮፍያዋን ወደ ታች ሳበች። ብልጭታው በራ፣ ተጫንኩ። ቢራቢሮውን፣ ጀርባውን፣ ደረቱን አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ ከፊቴ ሲያልፍ ብቻ። መጨረሻው ላይ ጠርዙ ላይ ቆሜ ጎንበስ አልኩ። ውሃው ውስጥ መጀመሪያ ጥላ መጣ፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ እጇ፤ ጣቶቿ ገጠም ብለው፣ ጥፍሯ አጭር፣ መዳፏ ግድግዳውን ጠፍ አደረገው። ተጫንኩ።

ቀና ስትል ዓይኔ እዚያው ነበር። እየተነፈሰች መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው፤ ከውስጡ ውሃ ፈሰሰ።

«ገና ስወረወር ነው የገባበት፣ ማሚ። ምንም አላየሁም፤ ቀዘፋ እየቆጠርኩ ነው የዞርኩት።»

በ2008 ቤጂንግ ላይ የፌልፕስ መነጽር በ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ ውሃ ሞልቶበት፣ እሱም ቀዘፋውን እየቆጠረ 1:52.03 ገብቶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ታሪኩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«መታጠፊያው ላይ ትንሽ።» ሳቀች። እጄን ዘረጋሁላት፤ ይዛው ወጣች፣ ልብሴን አራሰችው። አብሮኝ ሰዓት የያዘው አባት ወረቀቱን ይዞ «የአንቺ ስንት ይላል?» አለኝ፤ አንብቤ ሰጠሁት፤ ጻፈው። ከኋላችን የሚቀጥሉት ስምንት ልጆች መነሻው ላይ መውጣት ጀምረዋል። ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለስኩና ወደ ቦታዬ ቆምኩ።